ፊልትሮውን አትጣሉት፣ ጄቱን ቀይሩት

ደሴ ላይ ያገለገለ ሞተር ሳይክል የገዛ ወጣት መጀመሪያ የሚያስነካው ሁለት ነገር ነው። ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ያስቦረቡራል፤ አቧራ የሚያስቀረውን የአየር ፊልትሮ ያስወጣል። ከዚያ ነዳጅ ሲሰጣት ሰፈሩን ታናውጣለች፣ ከበፊቱም ፈጠን ብላ ትነሳለች። ጓደኞቹ ያዩና እነሱም ያስነካሉ። ደብረ ብርሃንም፣ ጎንደርም፣ አዲስ አበባም ያው ነው።

ይህ ልማድ ሞተሮቻችንን ያለ ዕድሜያቸው እየጨረሰ ነው። ወጣቶቹን ግን “ጩኸት ወዳድ” ብሎ መዝለፍ ብቻ ምንም አይፈይድም። ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማቸዋል። የሚሰማቸውም ውሸት አይደለም። ምክንያቱን የሚነግራቸው ሰው ነው የጠፋው።

ነገሩ ያለው ከፍታው ላይ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። 1 ግራም ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው ካርቡራተር ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ጄት የሚባለው ትንሽ የናስ ቁራጭ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ለቆላ የተለካ ከሆነ ደጋ ላይ የሚያሳልፈው ቤንዚን አየሩ የቀነሰውን ያህል አይቀንስም። አየሩ ሳስቷል፣ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ሞተሯ ትታፈናለች፣ ነዳጅ ትበላለች፣ አቀበት ላይ አትስብም።

አሁን ፊልትሮው ሲወጣ ምን ይሆናል? አየር በቀላሉ ይገባል። ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚስብበት ኃይል ይቀንሳል። ድብልቁ ይሳሳና ወደ ልኩ ይጠጋል። ሞተሯም ቀለል ይላታል። ልጁ “ፊልትሮ ነው ያፈናት” ብሎ ይደመድማል። ያፈናት ግን የቤንዚኑ መብዛት ነበር።

ፊልትሮ አልባ ሞተር በእኛ መንገድ ላይ ምን እንደሚደርስባት ለማየት ኢንጅኗ ሲፈታ መቆም ይበቃል። የኮረኮንቹ አቧራ በቀጥታ ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። እዚያ ከዘይት ጋር ተለውሶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የሲሊንደሩን ግድግዳ በጣት ስትዳስሱት ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች ይሰማሉ። የፒስተን ሪንጎቹ ጠርዝ ተበልቶ ስለት ይሆናል። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይመጣል፣ ዘይት መጨመር ይጀመራል፣ በመጨረሻም ኢንጅን ይወርዳል። በትንሽ ጄት ይቃለል የነበረ ነገር ደመወዝ የሚጨርስ ወጪ ሆነ ማለት ነው።

ድብልቁ መብዛቱን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ረዘም ያለ አቀበት በደንብ ከወጣችሁ በኋላ ሞተሯን አጥፉና ሲበርድ ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፍቱት። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሷል፣ ኢንጅኑም ከልክ በላይ እየጋለ ነው። ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ ፊልትሮው ንጹሕ መሆኑን እዩ። ንጹሕ ከሆነ ጄቱን በአንድ ቁጥር አሳንሱና እንደገና ሞክሩ። ጄቱን በወስፌና በመሰርሰሪያ አታስነኩት። ያ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ለደጋ የሚያስፈልገው ደግሞ ጠባቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። ከደሴ በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ከሆነ ጄቱ ወደ ድሮው ይመለስ። ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቱም የአፋር ሙቀት ነው። ለደጋ የጠበበ ጄት እዚያ ቤንዚን ያሳንሳል። ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ረጅም መንገድ ሲነዳ ፒስተን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል። የወጣውን ጄት በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከመፍቻው ጋር አስቀምጡት። አዳዲሶቹ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ የሚረጩ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ይህ ጭንቀት የላቸውም።

ሁሉም ጉልበት ግን አይመለስም። ከተማችንን የሞላው ቦክሰር 150 ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ደሴ ላይ በደንብ ተስተካክሎም 9 አካባቢ ነው የሚሰጠው። ይህን ማንም መካኒክ አይመልሰውም፣ እመልሳለሁ የሚላችሁን አትመኑት። የሚመለሰው በቸልታ የጠፋው ነው። ባገለገለ ሞተር ላይ ደግሞ እሱ ቀላል አይደለም። አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር፣ የቫልቮላ፣ ክፍተት በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን በጆሮ የሚያስተካክል መካኒክ ሞልቷል። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፣ እመቃው ያመልጣል፣ ሞተሯ ስትሞቅ ለማስነሳት ታስቸግራለች። መለኪያው ርካሽ ነው። መለኪያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ ቫልቮላ ባታስነኩ ይሻላል። የደረቀና የረገበ ካቴና (ሰንሰለት)፣ ሳይረገጥም የሚይዝ ፍሬን፣ አየር ያነሰው ጎማም እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ጉልበት ይሰርቃሉ።

አቀበት ላይ መሳብ ለሚፈልግ ደግሞ የፊቱን የካቴና ጥርስ መቀየር አለ። ባለ 14 ጥርሱን በባለ 13 ብትተኩት መሳቧ 8 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የመጨረሻ ፍጥነቷ ግን ይቀንሳል። ዕቃ ጭኖ ከፒያሳ ወደ ዳገት ለሚመላለስ ልጅ ይህ ከማንኛውም ማርሚታ ይበልጥበታል።

ማርሚታ መቦርቦር ግን ከነጭራሹ አይገባኝም። በእነዚህ ትናንሽ ኢንጅኖች ላይ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ ዙር ያለው መሳብ ይቀንሳል፣ አቀበት የምንወጣውም በዚያው ዙር ነው። ሌሊት ሕፃን ያስተኛች እናትን፣ የታመመ ሽማግሌን የሚያስደነግጥ ጩኸት ጉልበት አይባልም።

ከጉልበት በፊት ደግሞ ፍሬን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። የሸራ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ሸራው ያለቀ ሞተር ላይ ፍጥነት የሚጨምርን መካኒክ እኔ መካኒክ አልለውም። ሸራውን ለውጡ፣ ቁልቁለቱንም በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ።

ይህን ሁሉ ጭነት በገዢው ላይ ብቻ መጣል ግን ልክ አይደለም። ብዙ ጊዜ መለዋወጫ መደብር ገብታችሁ ጄት ብትጠይቁ “ሙሉ ካርቡራተር ነው ያለን” ትባላላችሁ። ለዚህ ነው ልጆቹ ነፃ ወደሆነው መፍትሔ፣ ፊልትሮ ወደ መጣል የሚሄዱት። ሞተር የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደጋ ላይ እንደሚሸጡ ያውቃሉ። ከእያንዳንዱ ካርቡራተር ያላት ሞተር ጋር አንድ ሁለት ጠበብ ያሉ ጄቶችን አብረው ይስጡ፣ መቼ እንደሚገጠሙም በአማርኛ ጽፈው ያያይዙ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ሞተር ጥገና ሲያስተምሩ የከፍታን ነገር ከካንዴላ ንባብ ጋር በተግባር ያሳዩ። ተማሪው ያንኑ ካንዴላ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ፈትቶ ቢያነጻጽር አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።