ባዲያ ባዲያ

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ሰርግ ነበርኩ። ወሩ ፌብሩዋሪ ነው፤ ውጭ በረዶ ተከምሯል። ክትፎዬን ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳስጠጋ ዲጄው ያንን ዘፈን ለቀቀው። «ሴፕቴምበር»ን። ጠረጴዛው ጭር አለ። እኔና አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ብቻ ቀረን።

ኧረ በሕግ! ይሄ ዘፈን ያልተጠራበት ሰርግ የት አለ? የሙሽራው አጎት ሳይጠራ ሊቀር ይችላል። «ሴፕቴምበር» ግን አይቀርም። «ኧርዝ፣ ዊንድ ኤንድ ፋየር» ባንድ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያኔ እዚህ ከሚዘሉት ወጣቶች የአንዳንዶቹ እናት ገና ዳዴ ትል ነበር።

ዘፈኑ የሴፕቴምበር 21ን ሌሊት ታስታውሺያለሽ ወይ ይላል። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 11 ላይ ይውላል። እንቁጣጣሽ አልፏል፣ መስቀል አልደረሰም፤ ኪስ ባዶ ነው። በዚያ ቀን ማን ይጨፍራል? ግጥሙን ከባንዱ መሪ ከሞሪስ ዋይት ጋር የጻፈችው አሊ ዊሊስ እንደተናገረችው ደግሞ ቀኑ ምንም ምስጢር የለውም። ቁጥሮቹን በየተራ እየዘፈኑ ሞከሯቸው፤ 21 ለአፍ ተመቸ። በቃ። እኛም ለአፍ ለተመቸ ቁጥር ወገባችን እስኪቆረጥ እንወዛወዛለን።

«ይሄ ሰውዬ ባዲያ ባዲያ የሚለው ምን ሊበላበት ነው?» አሉ እትዬ።

ሳቄ አመለጠኝ። አዝማቹ «ባ ዲ ያ» ይላል እንጂ ትርጉም የለውም። ዊሊስም እውነተኛ ቃል እናስገባበት ብላ ለምና ነበር። ሞሪስ እምቢ አለ። በኋላ እሷም፣ ግጥም የዜማውን ምት እንዳያደናቅፍ ከዚያ ተማርኩ ብላለች። በእትዬ ግን አልፈርድም። ባዲያ የሚያሳስብ ማታ ነበር።

ካርዱ 11 ሰዓት ይላል። ሙሽሮቹ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገቡ። ምግቡ አራት ሰዓት። «ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ቢያንስ እዚያ በርበሬው ቤት ውስጥ አለ። እኛ ዘንድ ሰርገኛው ተቀምጦ ወጡ ገና አውራ ጎዳና ላይ መኪና ውስጥ ነው። ይኸው ሕዝብ ለሐኪም ቀጠሮ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይደርሳል። ለሥራ አንድ ደቂቃ አያረፍድም። ለወንድሙ ሰርግ ግን ልብሱን መተኮስ የሚጀምረው ካርዱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ነው። ንቀት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ነገር ነገርን ያነሳዋል። አዲስ አበባ እያለሁ ይህንኑ ዘፈን ያስቀዳሁበት ካሴት ነበረኝ። ጓደኛዬ ለአንድ ቀን ብሎ ወሰደው። በሦስተኛው ወር መለሰ። ከፍቼ ስሰማ፣ አዝማቹ በሚገባበት ቦታ ላይ የገዛ ድምፁ አለ፦ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይቀዳል?» የቀረው የእህቱ ልደት ነው፤ ጭብጨባና የሕፃን ልቅሶ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እስከ ዛሬ።

አሁን መሀል ገብቶ፣ ከረባቱን ግንባሩ ላይ አስሮ በእስክስታ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው። በፈንክ ሙዚቃ እስክስታ! ሰው እንዴት ያጠፋውን ዘፈን እንዲህ ይጨፍርበታል?

እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይህን ዘፈን ለትውልድ ተጠብቀው ከሚቆዩ ቅጂዎች መዝገብ አስገብቶታል። ደግ አደረገ። እዚያ ማንም ተውሶ «ሄሎ፣ ሄሎ» አይልበትም።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ዘፈኑ። አለቀ ስል ዲጄው ከመጀመሪያው መለሰው። ጠረጴዛው ስር እግሬ ፈቃድ ሳይጠይቀኝ ጀምሯል። እትዬ አዩብኝ።

«ሂድ እንጂ ልጄ፣ ክትፎህን እኔ እጠብቅልሃለሁ» አሉ።

ስመለስ ሳህኔ ተነስቷል። እትዬ ዲጄው አጠገብ ናቸው፤ ነጠላቸውን አገልድመዋል።