ጥፋቱ የሞደሙ አይደለም
ዛሬ በስብሰባ መሃል በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔቴ (ኤዲኤስኤል) ለአምስተኛ ጊዜ ተቋረጠብኝ። ለአገልግሎት ሰጪው ደውዬ ሳመለክት የተሰጠኝ መልስ ያው «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት» የሚል ነው። ስንት ጊዜ ላጥፋው? ሞደሙን ቀይሬያለሁ፤ የስልክ ድምፅንና ኢንተርኔትን የሚለየውን ማጣሪያም ቀይሬያለሁ። የስልኩ መስመር ወደ ቤት በሚገባበት በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ስሰካው ግን ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም፤ ችግሩ ያለው ግድግዳ ውስጥ በተቀበረው፣ መጋጠሚያው በዛገውና ማንም በማይጠቀምበት አሮጌ ቅጥያ ሽቦ ላይ ነው። «ስልክዎ ይሠራል፤ ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው» ማለትስ ምን የሚሉት መልስ ነው? ድምፅ የሚተላለፈው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ስለሆነ በተጎዳ ሽቦም ሊሰማ ይችላል፤ ኤዲኤስኤል ግን እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ስለሚጠቀም የላላ መጋጠሚያ፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦም ጭምር ሲግናሉን ያበላሽበታል። «በመጀመሪያው ሶኬት ይሞክሩት» ብሎ መናገር ይህን ያህል ከባድ ነበር?