ቆዳው ካልፈቀደ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ሥዕል የሚማሩ የሀበሻ ልጆች ደጋግመው የሚያነሡት ነገር አለ። አስተማሪዎቻቸው ሥዕሉን በጭንቅላታችሁ ጨርሳችሁ አትምጡ ይሏቸዋል። ቀለሙ፣ ጨርቁ፣ እንጨቱ የሚያደርገውን እያያችሁ ተከተሉ ነው ነገሩ። ወላጆች ግራ ይገባቸዋል። "ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምከፍለው?" የሚሉም አሉ። እኔ ግን ይህን በሰማሁ ቁጥር ጎጃም ነው ትዝ የሚለኝ።

ይህ አሠራር እዚህ አሜሪካ እንዴት እንደመጣ ባጭሩ ላንሳ። ሠዓሊዋ ሔለን ፍራንከንታለር እ.ኤ.አ. በ1952 ምንም ያልተቀባ ሸራ መሬት ላይ ዘርግታ ያቀጠነችውን ቀለም አፈሰሰችበት። ቀለሙ ላዩ ላይ አልቆመም፤ ጨርቁ ጠጣው። በዓመቱ ሠዓሊዎቹ ሞሪስ ሉዊስና ኬነዝ ኖላንድ ከዋሽንግተን ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ሥራውን አዩ፤ ከዚያ በኋላ የእነሱም አሠራር ተቀየረ። የዋሽንግተኑ ሠዓሊ ሳም ጊሊያም ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሸራውን ከፍሬሙ አላቆ ከጣራ አንጠለጠለው። ጨርቁ በገዛ ክብደቱ ሲወርድ የሚይዘው እጥፋት የሥዕሉ አካል ሆነ። በ1969 የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም በቁስና በአሠራር ላይ ያተኮረ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ነገሩ ስም ወጣለት፣ ብዙ ተጻፈለት፣ ኮርስ ሆነ።

አሁን ወደ ምሥራቅ ጎጃም እንሂድ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት ገብቼ መጻሕፍትን ብራና ላይ በእጅ የሚጽፉ አንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጬ ዋልኩ። ብራናውን የሚፍቁትም የሚጽፉበትም ራሳቸው ናቸው። የፍየል ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ይወጣና መወጠሪያው ላይ ይወጠራል። ሥጋው ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፣ ሲደርቅ ፀጉሩ ይላጫል። ፈረንጆቹ ብራና ሲሠሩ ቆዳውን ኖራ ውስጥ ዘፍዝፈው ነበር ፀጉሩን የሚያላቅቁት። የእኛ ኖራ አያውቅም። ሁሉም የክንድ ሥራ ነው።

ታዲያ ፍየሏ ስትገፈፍ ቢላዋ ጫር ያደረጋት ቦታ ካለች ጉዷ የሚወጣው ሲወጠር ነው። ያቺ ጭረት ትከፈትና ሞላላ ቀዳዳ ትሆናለች። ቶሎ ከተደረሰባት በመርፌ ትሰፋለች፤ ካልተደረሰባት እንዳለች ትደርቃለች። ቁም ጸሐፊው በወስፌ እየጫሩ መስመር ሲያወጡ እንዲህ ያለችው ቀዳዳ ዐምዱ መሐል ላይ ወደቀች። የመቃ ብዕራቸውን ነክረው መጻፍ ጀመሩ። እሷ ጋ ሲደርሱ ቃሉን በግራዋ አቆሙና ተሻግረው በቀኟ ጨረሱት። እጃቸው ለአፍታ እንኳ አልቆመም።

"የኔታ፣ ይቺን የብራና ቅጠል ለምን አይተዉአትም?" አልኳቸው።

"ልጀ፣ ቆዳው ካልፈቀደ ምን ይደረጋል! ፊደሉ ይዙር እንጂ።"

የሁለቱ መንገድ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ፍራንከንታለር መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሳታውቅ ነው የጀመረችው። የኔታ ግን የዳዊትን እያንዳንዱን ቃል ያውቁታል፤ አንዲት ፊደል መለወጥም አይፈቀድላቸውም። ነፃነታቸው ያለው ፊደሉ ከቆዳው ጋር በሚገናኝባት ቦታ ብቻ ነው። ለእኔ ይሄኛው ይከብዳል። ሁሉ በተፈቀደበት ቁሱን መከተልና ምንም ባልተፈቀደበት ለቁሱ ቦታ መስጠት ለየቅል ናቸው።

እንጅባራ አካባቢ ያሉት ቀርከሃ ሠሪዎችም እንዲሁ ናቸው። ለጋው አይሆንም፣ በጣም የደረቀውም ይሰበራል። ስንጥቁ እርጥበቱ ሳይለቀው መጠምዘዝ አለበት። የወንበሩን ጉብጠት የሚወስነው ግማሹ ሰውየው፣ ግማሹ ቀርከሃው ነው።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚህ ቁሱን የሚከተል ሰው ሙዚየም ይገባል። እኛ ዘንድ ስድብ ነው የተረፈው። ቆዳ የሚፍቀው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ስንት ዘመን "ቡዳ" ሲባሉ ኖሩ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን በሥራው መስደብ ከልክለው ነበር። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን ሳይቀር ጠርተዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። በየገጠሩ ግን ዛሬም ከሸክላ ሠሪ ቤት ልጁን የማይድር አለ።

ሠዓሊዎቻችን ግን ይህን እውቀት አልናቁትም። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቅ እያገጣጠመ ሥሏል። ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ የተለቀመ የኮምፒዩተር ሽቦና ሰሌዳ ይዞ ዓለምን ዞሯል። በእነሱ ስንኮራ ብራና ፋቂውንም አብረን ብንጠራው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ መንገዱ ሰላም ሆኖ አገር ቤት ስንገባ ልጆቻችንን የምንወስዳቸው ወደ ዘጌ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያያሉ፣ ሥዕሉን በስልካቸው ያነሣሉ፣ ጀልባው ይመለሳል። እዚያው ጎጃም አንድ ቀን እንጨምርላቸው። የሥዕል ተማሪዋ ልጅ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጣ ቆዳ ትወጥር፣ መቃ ትቅረጽ። ለየኔታም እዚህ ለአስተማሪ እንደምንከፍለው በወጉ እንክፈላቸው።