ኦልድ ትራፎርድ ሲያፈስ ባሕር ዳር የሚበሰብሱ

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ጥቂት ዓመታት ይሆነዋል፣ አንድ ባጃጅ ነጂ ግማሽ ሜትር አረንጓዴና ግማሽ ሜትር ቢጫ ጨርቅ ይዞ መጣና የአንገት ልብስ እንዲሰፋለት አዘዘው። ሰፊው ጨርቁን አገላብጦ አየና «ቀዩን የት ጣልከው?» አለው።

«ቀይ የለውም።»

«ከእኔ ዘንድ ቁራጭ አለ፤ ሂሳብም አልጨምርብህ።»

ባጃጅ ነጂው ሰፊውን ያየው የማይድን በሽተኛ በሚታይበት ዓይን ነበር። ከዚያ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት አስረዳው። ማንቸስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ1878 ኒውተን ሂዝ በሚል ስም ሲመሠረት መለያው አረንጓዴና ወርቃማ ነበር፤ በ2010 ደግሞ በክለቡ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ ደጋፊዎቹ የክለቡን ባለቤቶች፣ አሜሪካውያኑን ግሌዘሮች፣ ለመቃወም ይህንኑ ቀለም አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት። ሰፊው መቀሱን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲያበቃም «እሺ፣ ቀዩን ለጠርዙ ላድርገው?» አለ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ባጃጅ ነጂና ለመሰሎቹ ምስጋና ለማቅረብ ነው። ባሕር ዳር በዘንባባዋ፣ በዓሣዋና በጣና ስትወደስ ኖራለች፤ ስለ ሰው ንብረት እንቅልፍ የሚያጡ ልጆቿን ግን ያመሰገነ የለም። እንዲያውም ምቀኛ አይጠፋምና «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለውን ተረት እየጠቀሰ ሊያሳጣቸው የሚሞክር አለ። ተረቱን ያወጣው ሰው የሰው ወጥ ማማሰል ምን ያህል ችሎታ እንደሚጠይቅ አልገባውም። የራስን ወጥ ማንም ያማስላል፤ ማረሩን አፍንጫ ይናገራል። ባሕር ተሻግሮ፣ አይተኸው በማታውቀው ምድጃ ላይ የተጣደ ወጥ ሲያር ከጣና ዳር ሆኖ ማሽተት ግን ጸጋ ነው።

ዕውቀታቸውን ተመልከቱ። የልጆቻቸው ክርስትና መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ ወደ ሚስቶቻቸው ዞር ይላሉ፤ ማልኮም ግሌዘር ክለቡን የተቆጣጠረበትን ቀን ግን ማንንም ሳያማክሩ ይነግሯችኋል፦ ግንቦት 4 ቀን 1997 ዓ.ም.። (በዚያ ግንቦት አገራችንም የራሷ ጭንቅ ነበረባት፤ እነሱ ሁለቱን ጭንቅ ጎን ለጎን ችለውታል።) ግዢው 790 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደፈጀ፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ብድር እንደሆነ፣ ዕዳ የማያውቀው ክለብ በአንድ ጀንበር ባለዕዳ ሆኖ እንዳደረ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ባጃጅ ነጂው ይህን የገንዘብ ጥበብ ያስረዳኝ ከጊዮርጊስ ተነሥተን የመጀመሪያው አደባባይ ሳንደርስ ነው። «ጋሼ፣ ሰውየው በሬ በብድር ገዛ፤ ብድሩን በሬው አርሶ ይክፈል አለ» አለኝ። ባንክ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ወዳጅ አለኝ፤ እንዲህ ጥርት አድርጎ አስረድቶኝ አያውቅም።

ቀኑን ደግሞ እንደ ሙት ዓመት ያስቡታል። ልክ በ19ኛው ዓመት፣ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዩናይትድ በሜዳው በአርሰናል 1 ለ 0 በተሸነፈበት ዕለት ዝናቡ ወረደና ከኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ ላይ ውኃ ተንዠቀዠቀ። ጢስ ዓባይ በበጋ ከሚያወርደው ሳይበልጥ አይቀርም። ያን ማታ የሰፈሬ ሰዎች ተንቀሳቃሽ ምስሉን ስልክ ለስልክ እየተቀባበሉ ሲያለቅሱ አመሹ። ከመካከላቸው አንዱ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበል ባልዲ ከአልጋው ራስጌ እንደሚያስቀምጥ አውቃለሁ። ስለዚያ ባልዲ ግን አንድ ቀን አማርሮ አያውቅም። ትዕግሥቱን ለቤቱ፣ ቁጣውን ለማንቸስተር እንዲህ ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ይደነቃል።

ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሆነውን ሳልናገር አላልፍም፤ ዕለቱ ፋሲካ ነበር። የሃምሳ አምስት ቀን ጾም ተፈትቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ዩናይትድን ከሊቨርፑል ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። ዩናይትድን ጨምሮ ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች የገቡበት፣ የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ለብቻቸው ሊጫወቱ የጠነሰሱት ሱፐር ሊግ በተነገረ በሦስት ቀን ውስጥ የፈረሰበት ሰሞን ነውና የማንቸስተር ደጋፊዎች ግሌዘሮችን በቃችሁ ለማለት ሜዳውን ወረሩት። ጨዋታው ሊጀመር አልቻለም፤ ለሌላ ቀን ተላለፈ። ከፍሎ የገባ ተመልካች ጨዋታ ሲቀርበት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የእኛዎቹ ግን ቆመው አጨበጨቡ! አንድ ሽማግሌ ነገሩ ሳይገባቸው «ማን አገባ?» ብለው ጠየቁ። የቤቱ ባለቤት ገንዘቡን አልመለሰም፤ የጠየቀውም የለም። ጨዋታው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲካሄድ እንደገና ከፍለው ገቡና 4 ለ 2 ሲሸነፉ አይተው ወጡ።

ይህ ጸጋ የዩናይትዶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሊቨርፑል ደጋፊዎች የ77 ፓውንዱን ትኬት በመቃወም ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ አንፊልድን ጥለው ሲወጡ፣ እዚህም ሁለት የሊቨርፑል ሰዎች በአጋርነት ከዲኤስቲቪ ቤቱ ወጡ። ሲወጡ 2 ለ 0 እየመሩ ነበር። ሰንደርላንድ ሁለት አግብቶ አቻ ሲወጣ ሊመለሱ ቢሞክሩ በር ላይ ያለው ልጅ «አዲስ ሂሳብ ነው» አላቸው። የእንግሊዞቹ ተቃውሞ ባለቤቶቹን ይቅርታ አስጠይቆ ዋጋውን አስቀረ፤ የእኛዎቹ የበሩን ልጅ እንኳ ማስለዘብ አልቻሉም፤ ወይም አልሞከሩም።

የዩናይትዶቹ ጸሎት በኋላ በሩብ ተሰማ። እ.ኤ.አ. በ2024 እንግሊዛዊው ቢሊየነር ጂም ራትክሊፍ ከአራት እጅ አንዱን ያህል ድርሻ ገዝቶ ገባ። የአገር ልጅ! ዲኤስቲቪ ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የአገሩ ልጅም ሠራተኛ በመቶዎች ቀነሰ፣ ዓመቱ ሳያልቅ የቀሩትን ትኬቶች ለሕፃንም ለአረጋዊም ቅናሽ የሌለው 66 ፓውንድ አደረጋቸው፣ ቀጥሎም የኦልድ ትራፎርድን የሠራተኞች ምግብ ቤት ዘግቶ በምትኩ ፍራፍሬ ይቅረብላቸው አለ። (ባለቤት የአገር ልጅ ስለሆነ ሂሳብ እንደማይቀንስ ቤት የተከራየን ሰዎች ልንነግራቸው እንችል ነበር፤ ማን ጠየቀን።) በዚያ ሳምንት ጎረቤቴ ማንጎ እየላጠ «ፍራፍሬ ብቻ በልተው እንዴት ይሠራሉ?» ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እሱ ራሱ ምሳ ከበላ ስንት ጊዜው እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በዚያው ሰሞን የዲኤስቲቪ ቤቱ መግቢያ ከሃያ ብር ወደ ሠላሳ ብር ከፍ አለ። ስለ ስድሳ ስድስቱ ፓውንድ እየተቆጡ ሠላሳውን ብር አውጥተው ከፈሉ።

ዕድራችንም ከእነዚህ ሰዎች ብዙ ትጠቀም ነበር፣ ብታገኛቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዡ የሂሳብ ሪፖርት ያቀርባሉ። ዘንድሮ ሪፖርቱ የወደቀው ዩናይትድ በሚጫወትበት እሑድ ነበርና ምልአተ ጉባኤ ሳይሟላ ቀረ። ከድንኳን ኪራይ የገባው ገንዘብ የት እንደደረሰ እስካሁን አልሰማንም። ግሌዘሮች ለራሳቸው የወሰዱትን የትርፍ ድርሻ ግን በየዓመቱ ዘርዝሮ የሚነግረኝ ሰው ሁለት ቤት አልፎ ይኖራል። የዕድሩ ምክትል ሊቀመንበር ነው።

አንድ ቅዳሜ ደፈር ብዬ እዚያው ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ «የባሕር ዳር ከተማ ክለብ ባለቤት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ ዝም አለ። አንዱ «መንግሥት» አለ። ሌላው «ሕዝብ» አለ። ሦስተኛው «ሁለቱም አንድ ነው፣ አታስረብሹን» ብሎ ድምፁን ጨመረው። የጣና ሞገዶቹ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲገቡና በ2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥለው ሁለተኛ ሲወጡ እነዚሁ ሰዎች በደስታ ከተማዋን እንዳጥለቀለቋት አልክድም፤ ያኔ ባጃጅ ጠፍቶ በእግሬ ሄጃለሁ። የአብዛኞቹ ክለቦቻችን ደመወዝ ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በጀት እንደሚወጣም ያውቃሉ። በጀቱ ስንት ነው፣ በምን ወጣ የሚለው ጥያቄ ግን ወደ ሰው ቤት ጓዳ የመግባት ያህል ያሳፍራቸዋል። ጨዋነት ነው።

ስታዲየሙም እንዲሁ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያንበረከከው እዚሁ ባሕር ዳር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳው መስፈርቴን አያሟላም ብሎ አገደው። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው «በሜዳችን» ነው፤ ሜዳችን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ይህን ያነሣሁበት ሰው ራሱን ነቅንቆ «የእኛስ ይሁን፣ ኦልድ ትራፎርድን የመሰለ ሜዳ እንዲህ ይጎሳቆል?» አለኝ።

ቆይቶ ነው ጥበባቸው የገባኝ። የማልኮምን ልጅ ጆኤል ግሌዘርን ለቅሶ ቤት አታገኘውም። ልጅህን ትምህርት ቤት ለማስገባት የእሱ ፊርማ አያስፈልግህም፤ ሚስቱ ከሚስትህ ጋር ማኅበር አትጠጣም። ስድብህን አይሰማም፣ ቢሰማም አማርኛ አያውቅም፣ ቢያውቅም ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ድረስ መጥቶ «ምን አልከኝ?» አይልህም። ቁጣ ያለበት ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ጠላት ቢያገኝ አገር ሰላም ውሎ ያድር ነበር።

ባለፈው ክረምት ያ ባጃጅ ነጂ በዝናብ አሳፈረኝ። ሸራው ከኋላ ወንበር በላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው፤ ውኃው ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል። እሱ ስለ ኦልድ ትራፎርድ ጣሪያ እየነገረኝ ነበር።

«ይህንን ሸራ ለምን አታሠሩትም?» አልኩት።

«ባለቤቱን ነው? አሜሪካ ነው ያለው፣ ጋሼ። ባጃጇን በዓይኑም አላያት። በብድር ነው የገዛት፤ እኔ በየቀኑ ከማስገባው ገቢ ነው ብድሩ የሚከፈለው።»

«ታዲያ አትነግረውም?»

«ምን ብዬ? ደግ ሰው ነው፤ ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ ብሎ ደውሎልኛል።»

በመስተዋቱ የረጠበ ትከሻዬን አየና አዘነ። ባጃጇን ዳር አስይዞ አቆመ፤ የአንገት ልብሱን ፈትቶ ጠቀለለና ወደ ኋላ ተንጠራርቶ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀው። አረንጓዴና ቢጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀይ። ሰፊው የልቡን አድርሷል ማለት ነው። ውኃው ቆመ።

«አሁንስ ያፈስብዎታል?»

«የለም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ሞተሩን አስነሣ። «መቶ ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም እንሠራለን ብለዋል» አለኝ፣ ድምፁን ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርጎ። «ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት ሊያመጡት ነው፣ ጋሼ?»