አርቲክሉን ሳይፈልጉ ለሚጠቅሱ ጀግኖች

ጅማ፣ ካምፓስ በር ላይ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ገብቶ የኬሚስትሪ ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ሲጠረዝ ያየ ሰው በኋላ ገጾቹ ሳይደመም አይወጣም። ሪፈረንሱ፣ የተጠቀሱት ጽሑፎች ዝርዝር፣ ጀርመንኛ አለው። ራሽያኛ አለው። ጃፓን የታተመም አለው። የቴሲሱ ባለቤት ከኦሮምኛ፣ ከአማርኛና ከምትንገዳገድ እንግሊዝኛ ሌላ አይሰማም። ታዲያ እንዴት አነበበው ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ብቻ ነው።

እኔ ግን አደንቃለሁ። የጠፋ አርቲክል ሳይፈልጉ መጥቀስ ቀላል ችሎታ አይደለም። ደግሞስ ለምን ይፈለጋል? አምና የተመረቀው ጠቅሶታል። እሱም ከሌላው ወስዶታል። እንደ እድር ድስት ከቤት ቤት ይዞራል፤ ማን እንደገዛው የሚያስታውስ የለም።

በቀደም አንዱ ጀግና የቡና ካፌይን ላይ ሠርቶ «ኤሚል ፊሸር፣ 1985» ብሎ ጠቀሰ። ጀርመናዊው ኬሚስት ፊሸር ካፌይንን በላብራቶሪ የሠራው በፈረንጆቹ 1895 ነው። በ1919 ሞቷል። አንዱ መንገድ ላይ 8ንና 9ን አቀያየራቸው፤ ተከታዮቹም በታማኝነት ተቀባበሉት። ፈታኙ ሲጠይቀው ልጁ ፊቱን እንኳ ሳይቀይር «የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ይሆናል» አለ። የሰባት ስምንት ዓመቷን ልዩነት ዘጠና ማድረስ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለአገር ያስፈልጋል።

ፈረንጆቹም አይተናነሱም። የሳይንስ መጽሔቶች አሳታሚው ኤልሲቪየር ለጸሐፊዎች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ የሪፈረንስ አጻጻፍ ለማሳየት አንድ የይስሙላ አርቲክል አስቀምጦ ነበር። ጸሐፊው ቫን ደር ጊር፣ ዓመቱ 2000። አርቲክሉ በዓለም ላይ የለም። ግን ወደ 400 ጊዜ ተጠቀሰ። የሌለው ይህን ያህል ከተጠቀሰ ያለውን ፍለጋ መንከራተት ምን ይሉታል? በ2003 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች የፊደል ስህተት ከሪፈረንስ ወደ ሪፈረንስ ሲወራረስ ተከታተሉ። ከሚጠቅሱት ውስጥ ዋናውን ያነበቡት 20 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው ብለው ገመቱ። (ለማንበብ ያን ሁሉ ሰው ሥራ ያስፈታው ማን ይሆን?)

ሞኝ ግን አይጠፋም። አንዲት የማስተርስ ተማሪ አለች። ድረ ገጹ ለአንድ አርቲክል ሠላሳ ምናምን ዶላር ሲላት እንደ ሰው ትታው አትሄድም። ላይብረሪ ገብታ ሪሰርች ፎር ላይፍ ላይ ትፈልጋለች፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች በነጻ የተከፈተ ነው። የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡሌቲን በነጻ እንደሚወርድ እንኳ ታውቃለች። ከሁሉም ካጣች ለጸሐፊው ኢሜይል ትጽፋለች። ሰውየውም ፒዲኤፉን አያይዞ፣ ምስጋና ጨምሮ ይልክላታል። ሁለቱም አያፍሩም።

ይህ ሁሉ ድካም ምን አተረፈላት? አሠራሩ የተጻፈበትን ገጽ አነበበች። ቡናው በውሃ ከፈላ በኋላ ካፌይኑ ዳይክሎሮሜቴን በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ ተለይቶ መውጣት አለበት። ማሽኑ ካፌይኑን የሚለካው በሚመጥጠው ብርሃን ነው፤ የሚመጥጠውም 273 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ነው፤ እዚያው ላይ ቡናው ውስጥ ያሉት ክሎሮጀኒክ አሲድና ሌሎችም ተደርበው ይመጥጣሉ። አብስትራክቱ፣ አርቲክሉ መጀመሪያ ላይ ያለው አጭር ማጠቃለያ፣ ይህን አይነግርም። ጀግናችን ከአብስትራክቱ ስላላለፈ የቡናውን ውሃ እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ከተተው። ያገኘው ቁጥር ልክ ከሆነ አንድ ስኒ የጅማ ቡና የጠጣ ሰው እስከ መስቀል አይተኛም። ለቡናችን ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ ከየት ይመጣል?

ፈታኙ ግን ክፉ ሰው ነው። የፊሸርን ዋና ጽሑፍ ካላመጣህ አለው። ልጁ ማታውኑ ለዚያችው ሞኝ በቴሌግራም ጻፈላት። «እህቴ፣ የፊሸር ፒዲኤፍ ካለሽ በናትሽ ላኪልኝ።» ላከችለት። ወዲያው መለሰ። «ጀርመንኛ ነው እንዴ? በቃ አብስትራክቱን ብቻ ተርጉሚልኝ።»

የ1895ቱ ጽሑፍ አብስትራክት የለውም። እነዚያ ጀርመኖች ምን ያህል ግዴለሾች ቢሆኑ ነው?