ሙሽራ የሌለበት የመናፈሻ ቪዲዮ

ጅማ ውስጥ መናፈሻ የሚቀረጸው ሙሽራ ሲመጣ ነው። በሰርግ ወቅት እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ጎራ ብሎ ማየት ይበቃል። ጥሩምባውን የሚያንባርቅ የመኪና አጀብ ይደርሳል። ሚዜዎች ይወርዳሉ። ቬሎው ጭቃ እንዳይነካው ሁለት ሴቶች ጫፉን ሰብስበው ይከተላሉ። ቪዲዮ ቀራጩ የኋሊት እየተራመደ "ተያዩ! ወደኔ ሳይሆን እርስ በርስ!" እያለ ይጮኻል። ዛፉም፣ ሣሩም፣ ወንዙም ለሙሽሮቹ ማድመቂያ ናቸው። ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ካሜራው ይዘጋል።

እኔ የምኖርበት ሲያትል ደግሞ ነገሩ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ ካሜራ የሚወጣው ሰው ዞር ሲል ነው።

ደቡብ ሲያትል የኛ ሰው የበዛበት ነው። አቅራቢያችን ሲዋርድ ፓርክ አለ። ወደ ሐይቅ ገባ ያለ መሬት ሲሆን ስፋቱ 120 ሄክታር ገደማ ነው፤ መሀሉ ላይ የጥንት ደን አለ። ኦልምስቴድ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ለከተማው የፓርኮች ዕቅድ ሲነድፉ ይህም ቦታ ለሕዝብ ይሁን ብለው አስገቡት። ዙሪያውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ አለው። ጠዋት ጠዋት እናቶቻችን ነጠላቸውን በጃኬት ላይ ጣል አድርገው ይዞሩታል። ሐኪም "ስኳርሽ እንዲወርድ ተራመጂ" ብሏቸዋል፤ እነሱ ግን የሚሄዱት ለወሬው ጭምር ነው።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ተሰባስበን ስለዚህ ፓርክ አጫጭር የሙከራ ቪዲዮዎች በስልክ መሥራት ጀመርን። የሙከራ የሚባለው ታሪክም ተዋናይም ስለሌለው ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ ካሜራው ንቅንቅ አይልም፣ ንግግርና ሙዚቃ የለም። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የሲኒማ ጀማሪ የሚባሉት ፈረንሳውያኑ ሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 ሊዮን ከተማ ላይ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ የቀረጹት እንዲሁ ነበር። ጥቅሉ ፊልም 17 ሜትር ያህል ስለነበረ 50 ሰከንድ ገደማ ላይ ያልቅባቸዋል። እነሱ ምርጫ አልነበራቸውም። እኛ ሰዓታት የሚቀርጽ ስልክ ይዘን ነው ራሳችንን ያሰርነው። ጥቅም አለው። 50 ሰከንድ ብቻ ሲሰጥህ የምታየውን ነገር ትመርጣለህ።

ታዲያ ሥራችንን ስናየው የዛፍ ቅርፊት፣ ጭጋግ፣ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ቅጠል ነው። ያምራል፣ አይካድም። ሰው ግን የለም። አንድ ጎረቤቴ ሯጭ እስኪያልፍለት ጣቱን ስልኩ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ አይቻለሁ። ነጠላ የጣሉት እናቶች በአንዱም ቪዲዮ ውስጥ የሉም። ክፋት አይደለም። ብዙ ሰው እዚያ ፓርክ የሚሄደው ከሰው ለመሸሽ ነው፤ ካሜራውም አብሮት ይሸሻል።

በሚያዝያ ጅማ ስመጣ ይህንኑ ከወንድሜ ልጅ ጋር ልሞክረው አልኩ። እሱ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዝ ጊምባል አለው፣ ድሮን ተከራይቶ ያስነሳል፣ ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ጣቱ አይታይም። ሐሳቡን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና "እሺ አክስቴ፣ ግን ማነው የሚከፍለው?" አለኝ። ልክ ነው። እኛ ሲያትል ላይ በነፃ የምንሠራው እንጀራችን ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ነው። ይህን ደግሞ ስለ ጥበብ ስናወራ አናነሳውም።

ለማንኛውም ሄድን። ጅማ ላይ ግን ትሪፖድ፣ ማለትም የካሜራ ማቆሚያ፣ ተክሎ ዝም ማለት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ማስቲካና ሶፍት የሚሸጡ ልጆች መጡ። ሌንሱ ፊት ተደርድረው "ቲክቶክ ነው?" ይላሉ። ቀጥሎ የመናፈሻው ጥበቃ መጡ። "ሙሽራው የታለ?" አሉ። የወንድሜ ልጅ በኦሮምኛ አስረዳቸው። "ታዲያ ምኑን ነው የምትቀርጹት?"

"ወንዙን፣ አባባ።"

ወንዙን ዞር ብለው አዩት። እኛንም አዩን። ከዚያ አጠገባችን ቁጭ አሉና ልጆቹን ያባርሩልን ጀመር።

አሜሪካ ውስጥ አደባባይ ላይ በዓይን የሚታየውን መቅረጽ መብት ነው። ለንግድ ካልሆነ ማንንም አታስፈቅድም። የተቀረጸውም ሰው ዞር ብሎ አያይህም። ጅማ ላይ ግን ከሕጉ በፊት ሐሜት ይደርሳል። ዛፍ ሥር ሁለት ወጣቶች ተቀምጠዋል። ትሪፖዱን ሲያዩ ልጅቷ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ልጁም በድንገት ስልክ የሚያወራ መሰለ። እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል። ቪዲዮው ማታ ቴሌግራም ላይ ከወጣ ጠዋት ቤት ውስጥ ምርመራ አለ። ካሜራውን አዞርነው። ከውጭ የምንመጣ አንዳንዶቻችን "ሕዝቡ ጥበብ አይገባውም" ማለት ይቀናናል። ልጅቷ ነገሩ በደንብ ገብቷታል። እኛ ምን እንደሚታይ ስናስብ እሷ ማን እንደሚያየው አሰበች።

ብርሃኑም ሌላ ጉድ ነው። ሲያትል በበጋ ቀኑ 16 ሰዓት ያህል ይረዝማል። ፀሐይ ለመጥለቅ ስትለግም ያ ወርቅ መሳይ ብርሃን ይቆይልሃል። ጅማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳን አትርቅም። ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ሌንስ ስትቀይር ይመሻል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትቆማለች። የሰው ጥላ ጫማው ሥር ይገባል። የሰርግ ቀራጭ ይህን ሰዓት አይወደውም፣ የሙሽራዋን ዓይን ሥር ያጠቁርበታል። እኛ ግን የመናፈሻውን አግዳሚ ወንበር ጥላ ቀረጽንበት። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፎቶ፣ በሰዓት 720 ፎቶ፤ በሰከንድ 25 ሲሮጥ 29 ሰከንድ አይሞላም። ጥላው ወንበሩ ሥር ገብቶ ይጠፋና በሌላው በኩል ብቅ ይላል። ሲያትል ላይ ፀሐይ መቼም አናት ላይ ስለማትቆም ይህን ቪዲዮ መሥራት አይቻልም። (ወንበሩ የሲሚንቶ ነው። ከአንድ ወጥ እንጨት ባለ ሦስት እግር በርጩማ በሚፈለፍሉባት ጅማ፣ መናፈሻ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ መቀመጥ ለምን እንደሆነ እኔ አይገባኝም።)

ዝናቡን በተመለከተ ሲያትል ያለ አበሳዋ ስሟ ጠፍቷል። ዓመቱን ሙሉ የሚወርድባት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ጅማ ወደ 1500 ትጠጋለች። ሲያትል ያካፋል፣ ጅማ ይዘንባል።

የሰርግ ቀረጻ ሙያ ትልቁ ክፍል ማስወጣት መሆኑን ያየሁት የወንድሜን ልጅ ሥራ ላይ ሳየው ነው። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ይላል፣ የመብራት ገመዱ ይወጣል። ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የላስቲኩ ክምር ከቬሎው ጀርባ ይደበቃል። የጅማን መናፈሻ በሰርግ ቪዲዮ ብቻ የሚያውቅ ሰው ስዊዘርላንድ ሊመስለው ይችላል። የሲያትሉ ጎረቤቴ ሰው ያስወጣል፣ የኔው ልጅ ቆሻሻ ያስወጣል።

"እስቲ ዛሬ የምታስወጣውን ብቻ ቅረጽ" አልኩት።

ሳቀ፣ ግን ወዲያው ቦታ መረጠ። ከድልድዩ ሥር ውሃው የሚሽከረከርበት ጥግ አለ። አንድ ሃይላንድ ክዳኑ እንደተገጠመ እዚያ ተይዟል። ወደ ታች ሊሄድ ይሞክራል፣ ውሃው መልሶ ያመጣዋል። ድንጋዩን ጠቅ ያደርግና ይዞራል። ደግሞ ይሞክራል። ሌላ ምንም የለም። ድምፁን ለብቻው ቀዳነው። ከላይ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ አንድ ሰው "ኪቶ! ኪቶ!" እያለ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ከሩቅ አዛን ይሰማል፣ ከሥር ደግሞ የፕላስቲኩ "ጠቅ" አለ። ሲያትል ላይ የቀረጽኩት ሐይቅ ድምፁ ይኼን ያህል ንብርብር የለውም። ይህ ውሃ ወደ ቦዬ ረግረግ ገብቶ ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። ግልገል ጊቤ ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ያመነጫል። የካሜራችን ባትሪ የሞላውም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ማሳየቱ ላይ ነው ልዩነቱ የበለጠ የታየኝ። ሲያትል ላይ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አየን። ጭብጨባ ሆነ፣ ቀጥሎም "ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?" ተባልኩ። ተባባልን እንጂ ምንም አላልንም። ጅማ ላይ የወንድሜ ልጅ የጓደኛውን ጁስ ቤት አስፈቅዶ ፍላሹን ቲቪው ላይ ሰካው። ከአንድ ዘፈን ክሊፕ ቀጥሎ ጥላው መጣ። ሰው ጁሱን እየጠጣ ዝም አለ። ሃይላንዱ ሲመጣ ግን ቤቱ ተነሳ።

"ይቺ የታችኛዋ ድልድይ ናት።"

"ኧረ የላይኛው ነው! ድንጋዩን እያየህ?"

አንድ ሽማግሌ አቮካዷቸውን እያማሰሉ "እኛ እዚህ ውሃ ውስጥ ነበር የምንዋኘው" አሉ። እኩያቸው ቀበል አድርገው "መቼ ዋኝተህ? አንተን ልብስ ስታጥብ ነው የማውቅህ" አሏቸው። ሃይላንዱን ማን ጣለው የሚለው ተነሳ። ተማሪዎች ናቸው ተባለ። ሁለት ተማሪዎች ጥግ ላይ ተቀምጠው ኖሮ ተቆጡ፣ ሰርገኞች ናቸው አሉ። የወንድሜ ልጅ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ፤ የሚበላው ከሰርገኞች ነው። አስተናጋጁ ትሪውን እንደያዘ ቲቪው ፊት ቆሞ ቀረ።

"ይወጣል፣ አይወጣም?" አለ።

"አይወጣም።"

"ይወጣል! በጁስ እንወራረድ!"

50 ሰከንዱ ሞላና ተቆረጠ። "የቀረውስ?" ብለው ወደኛ ዞሩ። የለም አልናቸው። "እንዴት የለም? እንደገና ክፈተው!" ተባለ። ተከፈተ፣ ያው ነው። ውርርዱ ለማን እንደሚፈረድ ሲጨቃጨቁ ባለቤቱ ኳስ ሊጀምር ነው ብሎ ፍላሹን ነቀለው።