ለክቡር የሽልማት ክሬዲት ካርድ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከወጪ ልማዴ ጋር «ፍጹም ይስማማሉ» መባልዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በኢሜይል፣ በስልክ መልእክት፣ በአየር ማረፊያ ግድግዳ፣ በመደብር መክፈያ መስኮት፣ ዜና ለማንበብ በከፈትኩት ገጽ መሐል ሳይቀር እየተገለጡ ለአኗኗሬ የሚስማማኝ ካርድ እርስዎ መሆንዎን ሲያበስሩኝ ቆይተዋል። ለዚህ ላልተቋረጠ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ዘመድ እንኳ እንዲህ አዘውትሮ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ገንዘቤን በምን በምን ላይ እንደማጠፋ አንድም ቀን ሳይጠይቁኝ መስማማታችንን ለብቻዎ ስለወሰኑ፣ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

አስቀድሜ የዘር ሐረግዎን ለማክበር ያህል ወደኋላ ተመልክቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባሉት አያትዎ ሲወለዱ ቃላቸው አጭር ነበር፤ ዛሬ ብላ፣ በኋላ ሒሳቡን አንድ ላይ ክፈል። በልተሃልና ልሸልምህ የሚል አንደበት አልነበራቸውም። በ1981 አሜሪካን ኤርላይንስ ደንበኞቹ የበረሩትን ማይል እየቆጠረ መካስ ጀመረ፤ በ1986 ዲስከቨር ካርድ ከወጪው ላይ ጥቂት ሳንቲም የመመለስን ነገር ይዞ ብቅ አለ፤ በ1987 ደግሞ አየር መንገዱና ሲቲባንክ ተዋውለው፣ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ሸመታ በመፈጸሙ ብቻ እንደበረረ የሚቆጠርበትን ዘመን ከፈቱ። እርስዎ የዚህ ጋብቻ ልጅ ነዎት። ከዚያ ወዲህ ወጪ ገቢ መምሰል ጀምሯል፤ ብዙ ያወጣ ሰው ብዙ «አገኘሁ» እያለ ሲያወራም እንሰማለን።

የሚያስቡት ደንበኛ ማን እንደሆነ ከማስታወቂያዎ ተረድቻለሁ። ይህ ሰው በየሳምንቱ ይበርራል፣ ሆቴል ያድራል፣ ዘወትር ከቤቱ ውጭ ይመገባል፣ ሸሚዙም አይጨማደድም። የራሴን የአንድ ዓመት የሒሳብ መግለጫ ዘርግቼ ወጪዬን በየዘርፉ ስደምር ግን ይህን ሰው ፈልጌ አጣሁት። ያገኘሁት የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ የመብራትና የስልክ ሒሳብ የሚያወራርድ፣ መድኃኒት የሚገዛና ለልጅ ትምህርት ቤት የሚከፍል ሰው ነው። ከእነዚህ ተከፋዮች አንዳንዱ ካርድ ጭራሽ አይቀበልም፤ ሌላው ተቀብሎ የካርድ ማስተናገጃ በሚል 2 ወይም 3 በመቶ ይጨምርበታል፤ ስለዚህ 1 በመቶ ለመሸለም 3 በመቶ የሚከፈልበት ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቼ ላጨበጭብ ነው። የተረፈውን ወጪዬን «ሌሎች ግዢዎች» ብለው በ1 በመቶ ያስተናግዱልኛል። በትልልቅ ፊደል የጻፏቸው ዘርፎች ሁሉ እኔ የማላወጣባቸው ሲሆኑ፣ የማወጣባቸው በሙሉ «ሌሎች» ውስጥ ተጠቃለዋል። ሕይወቴ በእርስዎ መዝገብ «ወዘተ.» ተብሎ መስፈሩን በዚህ አጋጣሚ ዐውቄአለሁ።

አስቤዛ መግዛቴ ስለማይቀር ቢያንስ በዚያ ዘርፍ እንገናኛለን ብዬ ነበር። ከባለ አራት አኃዙ ኮድ ጋር የተዋወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ እርስዎ የሚያዩት የተገዛውን ዕቃ ሳይሆን የሻጩን ኮድ ኖሯል። ሱፐርማርኬት 5411 ነው፣ ምግብ ቤት 5812 ነው፣ አባላት ብቻ የሚገበዩበት የጅምላ መደብር 5300 ነው። ስለዚህ ያው ሩዝና ያው ወተት ከ5411 ሲገዙ አስቤዛ ሆነው 4 በመቶ ያስገኛሉ፤ ልብሱንም መጥረጊያውንም ሩዙንም በአንድ ጣሪያ ሥር ከሚሸጠው ትልቅ መደብር ሲገዙ ግን ምግብነታቸውን ሊነጠቁ ይችላሉ። ሆቴል ውስጥ በልቼ ሒሳቡ ከመኝታ ክፍሉ ጋር ከተደመረ፣ በእርስዎ ዘንድ ራት አልበላሁም፤ አድሬያለሁ። ኮዱ ለነጋዴው የሚሰጠው ካርድ እንዲቀበል ካስቻለው ባንክ ወይም ድርጅት በመሆኑ ነጋዴው ራሱ ቁጥሩን ላያውቀው ይችላል፤ ገንዘብ ተቀባዩን «እርስዎ ስንት ቁጥር ነዎት?» ብዬ ብጠይቀው የሚሰጠኝን ምላሽ ደግሞ አስቀድሜ መገመት አያዳግተኝም። ሁነኛው ማረጋገጫ ጥቂት ነገር ገዝቶ በመግለጫው ላይ በየትኛው ዘርፍ እንደገባ ማየት ነው። እርስዎን ለማወቅ የሚደረገው ምርመራም፣ እንደሚጠበቀው፣ ግዢን ይጠይቃል።

ስለ ዓመታዊ ክፍያዎ መናገርን ጨዋነት ቢከለክለኝም ሒሳብ ያስገድደኛል። ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን፣ ክፍያዎ 100 ነው እንበል፤ በሚወዱት ዘርፍም 4 በመቶ ይመልሳሉ። አሻሻጮችዎ በዚያ ዘርፍ 2,500 ያወጣ ሰው ክፍያውን መልሶ አገኘ ይላሉ። ያለ ምንም ዓመታዊ ክፍያ በማንኛውም ግዢ ላይ 2 በመቶ የሚመልስ፣ ግርማ ሞገስ የሌለው፣ ማንም የማያስተዋውቀው ካርድ ከጎንዎ መኖሩን ግን አያነሱም። ከዜሮ ጋር ሳይሆን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸሩ ብልጫዎ 2 በመቶ ብቻ ነውና፣ ክፍያዎን ለማካካስ ብቻ በዚያ አንድ ዘርፍ በዓመት 5,000 ማውጣት ይኖርብኛል። ነገሩም በዚህ አያበቃም። እርስዎ ለ«ሌሎች» 1 በመቶ ሲሰጡ እርሱ 2 ስለሚሰጥ፣ በ«ሌሎች» ላይ በዓመት 10,000 የማወጣ ከሆነ በዚያ በኩል ተጨማሪ 100 ያጎድሉብኛል፤ ማካካሻውም ከ5,000 ወደ 10,000 ያድጋል ማለት ነው። ይህን ስሌት ለመሥራት የፈጀው ጊዜ አንድ ሻይ አያስጨርስም፤ በብሮሹርዎ ላይ ግን ለፀሐይ መጥለቂያ ፎቶግራፍ ሙሉ ገጽ ሲገኝ ለእርሱ አንድ መስመር ቦታ ጠፍቷል።

ዘርፉን በየሩብ ዓመቱ የሚቀያይረው ወንድምዎ ደግሞ 5 በመቶ ይዞ ይመጣል። በአሜሪካ የታወቁት የዚህ ዓይነት ካርዶች 5 በመቶውን የሚሰጡት በሩብ ዓመት እስከ 1,500 ዶላር ለሚደርስ ወጪ ነው፤ ይኸውም ሲሞላ 75 ዶላር፣ ከ2 በመቶው ካርድ ሲበልጥ 45 ዶላር መሆኑ ነው። ለዚህም በየሦስት ወሩ መመዝገብ አለብኝ፤ ከረሳሁ ቀረ። በቀጠሮ የሚሰጥና ሲረሱት የሚሰረዝ ልግስና ለማን ታስቦ እንደተሠራ አስተዋይ አንባቢ አያጣውም።

የአቀባበል ጉርሻዎን ሳላመሰግን ባልፍ ግን ውለታ ቢስ እባላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይህን ያህል ሺህ ያውጡና ይህን ያህል ነጥብ ይውሰዱ ይላሉ። የሦስት ወር ወጪዬ ከተባለው መጠን ላይ የሚደርስ ከሆነ ጉርሻው በእርግጥ ጠቃሚ ነው፤ እውነት ለመናገር ከስጦታዎችዎ ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው። የማይደርስ ከሆነ ግን ከልማዴ ጋር መስማማት ያሉት ነገር ልማዴን ወደ እርስዎ ልክ ማሳደግ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ረገድ ችሎታዎ የተመሰከረ ነው። ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድራዘን ፕሬሌክና ደንከን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት ለጨረታ አቅርበው፣ በካርድ እንደሚከፍሉ የተነገራቸው ሰዎች ጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት በእጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ዋጋ ሲሰጡ አግኝተዋል። ሁላችንም እንዲያ እናደርጋለን ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን በእርስዎ ምክንያት ወጪዬ በመቶ 5 ብቻ ቢጨምር፣ 2 በመቶ መልሰውልኝ በ3 ይበልጡኛል።

ሽልማቱንም ቢሆን በገንዘብ ስም ለመጥራት ስለማይወዱ «ነጥብ» ይሉታል። 10,000 ነጥብ አለዎት ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ ግን ይወሰናል ይሉኛል። በጥሬ ገንዘብ ሲመነዘር አንድ ዋጋ፣ በስጦታ ካርድ ሌላ ዋጋ፣ በአውሮፕላን ትኬት ደግሞ ሦስተኛ ዋጋ አለው። ምንዛሪውን የሚወስኑት እርስዎ፣ የሚቀይሩትም እርስዎ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍበት የሚደነግጉትም እርስዎ ሲሆኑ፣ የእኔ ድርሻ ማጠራቀም ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፤ ወተቷንማ በየዓመቱ ሲቀንሱት አያለሁ። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሰዎች አስቀድመው ያገኙትን ነጥብ ዋጋ ማሳነስ ሕግን ሊያስጥስ እንደሚችል ያሳሰበው፣ ቅሬታው የእኔ ብቻ ስላልሆነ ይመስለኛል።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ዕዳቸውን በየወሩ ሙሉ በሙሉ ለሚከፍሉ ሰዎች ነው። ከፊሉን ለሚቀጥለው ወር የሚያሳድሩት ግን ከላይ ያለውን አስቤዛም፣ ኮድም፣ ነጥብም ባያነቡት ጊዜ ባተረፉ ነበር። በአሜሪካ የካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሰንብቷል፤ ስለዚህ እርስዎ በክብር የሰጡትን 2 በመቶ ወለዱ በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ በልቶ ይጨርሰዋል። ከዚህም በላይ ዕዳ ያሳደረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከወለድ ነፃ የነበረውን የክፍያ ፋታ ስለሚያጣ፣ ትናንት የገዛው አዲስ ዕቃ ሳይቀር ከተገዛበት ቀን አንሥቶ ወለድ ይቆጥርበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚስማማው ዝቅተኛ ወለድ ያለው ተራ ካርድ ነው፤ በእርስዎ ጥያቄ ማቅረቢያ ቅጽ ላይ ስለ ገቢዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ስልክ ቁጥሬ በዝርዝር ሲጠየቅ «ዕዳ ያሳድራሉ?» የሚል መስመር ግን አላየሁም። መልሱ «አዎ» የሆነውን ደንበኛ ከማንም አብልጠው እንደሚወዱት ስለማውቅ፣ ዝምታዎን በትሕትና እቆጥርልዎታለሁ።

የልግስናዎ ምንጭም አይደነቅም። ነጋዴው በእርስዎ በተከፈለው በእያንዳንዱ ግዢ ላይ ክፍያ ይቆረጥበታል፤ እርሱም ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፤ ጭማሪውን ጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰውም አብሮ ይሸከመዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ከዚህ ክፍያ ውስጥ ካርዱን ላወጣው ባንክ የሚደርሰውን ድርሻ ለግል ክሬዲት ካርድ በ0.3 በመቶ ሲገድብ፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ዘመዶችዎ ልግስና ወዲያው ለምን እንደቀዘቀዘ በትርፍ ጊዜዎ ቢያጫውቱን ደስ ይለን ነበር።

ስለሆነም ሲያቀርቡልኝ የኖሩትን ግብዣ እንደ ሥራ ማመልከቻ ቆጥሬ መርምሬዋለሁ። ያለፉት 12 ወራት ወጪዬ በየዘርፉ ተደምሮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። እርስዎም ዓመታዊ ክፍያዎን ቀንሰው፣ የአቀባበል ጉርሻውን ከሁለተኛው ዓመት ሒሳብ አውጥተው፣ በውጭ አገር ግዢ ላይ የሚጨምሩት ክፍያ ካለ እርሱንም ቀንሰው፣ ከ2 በመቶው ካርድ በምን ያህል እንደሚበልጡኝ በነጥብ ሳይሆን በገንዘብ፣ በአንድ ቁጥር ብቻ ይግለጹልኝ። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ማመልከቻዎ በቀና መንፈስ ይታያል። ከዜሮ በታች ከሆነ ተቀባይነት ያላገኙበት ምክንያት ከ7 እስከ 10 የሥራ ቀናት ውስጥ በፖስታ ይደርስዎታል፤ እስከዚያው ተደጋጋሚ ማመልከቻ ማስገባት በእኔ ዘንድ ያለዎትን ደረጃ ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል እናሳስባለን። ይህ ውሳኔ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊለወጥ ይችላል።

ከሰላምታ ጋር

በ«ሌሎች ግዢዎች» ዘርፍ የሚገኙ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለ2 በመቶው ካርድ፣ እንዲያውቁት